የፋይናንስ ሒሳብ፤ የትምህርቱ አመጣጥ፣ የከፈታቸው ሙያዎችና የሚጠይቀው ኃላፊነት

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ገንዘብ ማበደርና ወለድ መቁጠር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በጥንታዊት ባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይ የወለድ ስሌት ተጽፎ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ የገንዘብን ጉዳይ ከከፍተኛ ሒሳብ ጋር አዋሕዶ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ማስተማር፣ በዚህም ትምህርት ብቻ ተመርቆ ሥራ መያዝ እጅግ የቅርብ ጊዜ ክስተት ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የገበያን ነገር ከሙያቸው ክብር በታች አድርገው ይመለከቱት ነበር፤ ነጋዴዎችም በበኩላቸው የሊቃውንቱን ቀመር ለሥራቸው አስፈላጊ ሆኖ አላገኙትም። እነዚህ ሁለት ወገኖች እንዴት እንደ ተገናኙ፣ ከግንኙነታቸው ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንደ ተገኘ ማወቅ በስሌት ለሚተዳደር ለማናቸውም ባለ ሙያ፣ በተለይም ለመሐንዲስ፣ ትምህርት የሚሰጥ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የአዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሞት መዝገብ የተነሣው ስሌት

የፋይናንስ ሒሳብ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተጻፈው በገበያ ሳይሆን በቀብር መዝገብ ላይ ነው። ስሙ በጅራታም ኮከብ የተጠራለት እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ በ1693 ዓ.ም. ብሬስላው ከተባለችው ከተማ (ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ) የተሰበሰበውን የልደትና የሞት ቁጥር መርምሮ፣ በየዕድሜው ከሚገኙ ሰዎች ምን ያህሉ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚደርሱ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ከዚህም ተነሥቶ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየዓመቱ አበል እንዲከፈለው ቢዋዋል ዛሬ ስንት መክፈል እንደሚገባው አሰላ። ከእርሱ በኋላ አብርሃም ደ ሟቭር በ1725 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳተመ።

ሐሳቡ በተግባር ሲውል ብዙ አልዘገየም። የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች በ1744 ዓ.ም. ለሚስቶቻቸውና ለልጆቻቸው መጦሪያ የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ እድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በመሠረቱ ይህንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እድርተኛ በየወሩ እኩል አዋጥቶ ኀዘን በደረሰ ጊዜ ከተጠራቀመው ይከፍላል። ስኮትላንዳውያኑ ግን በሚመጡት ዓመታት በየጊዜው ስንት ባልቴት እንደምትኖር አስቀድመው ገምተው፣ ለዚያ የሚበቃውን ገንዘብ ከነወለዱ አስልተው መዋጮውን ወሰኑ።

በለንደን ደግሞ ጄምስ ዶድሰን የተባለ የሒሳብ መምህር ዕድሜው ገፍቷል ተብሎ በጊዜው ከነበረ የሕይወት መድን ማኅበር እንዳይገባ ተከለከለ። እርሱም ሰውን በዕድሜው ምክንያት ከመከልከል ይልቅ በዕድሜው ልክ ማስከፈል እንደሚቻል በስሌት አሳየ። ዶድሰን በ1757 ዓ.ም. ቢሞትም በሐሳቡ ላይ የተመሠረተው ኢኩዊተብል የተባለው ማኅበር በ1762 ዓ.ም. ተቋቋመ። «አክቹዋሪ» የሚለው መጠሪያም በመድን ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ማኅበር ነው። በ1848 ዓ.ም. በለንደን የአክቹዋሪዎች ኢንስቲትዩት ሲመሠረት የገንዘብ ሒሳብ ፈተናና የሙያ ማኅበር ያለው ሥራ ሆነ። ትምህርቱ ግን ገና ከዩኒቨርሲቲ ደጅ አልገባም ነበር።

ባሽልዬና የፓሪስ ገበያ

ሉዊ ባሽልዬ በ1870 ዓ.ም. ለ ሃቭር በተባለው የፈረንሳይ ወደብ ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ወዲያው እናትና አባቱ ስለ ሞቱበት ትምህርቱን አቋርጦ የቤተ ሰቡን ንግድ ለመምራት ተገደደ፤ ከዚያም ወታደራዊ አገልግሎቱን ፈጽሞ በ1892 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ መጣ። በመጋቢት ወር 1900 ዓ.ም. በሶርቦን ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ፓሪስ የቦንድ ገበያ የሚናገር ነበር፤ ርእሱም «የስፔኩሌሽን ቲዎሪ» ይላል። ከመርማሪዎቹ አንዱ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሄንሪ ፗንካሬ ነበር።

የባሽልዬ ሐሳብ ለመሐንዲስ በቀላሉ የሚገባ ነው። የቦንድ ዋጋ በየቅጽበቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል፤ ገዥም ሻጭም የየራሳቸው ግምት ስላላቸው በአማካይ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። እንግዲያስ የዋጋ ጉዞ የእውር ድንብር ጉዞ ነው ማለት ነው። ታዲያ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዋጋው የት ሊገኝ ይችላል? ባሽልዬ የይሆንታው ስርጭት በጊዜ ውስጥ የሚስፋፋበትን ሕግ ሲመረምር፣ ፉርዬ በ1822 ዓ.ም. ስለ ሙቀት ካሳተመው እኩልታ ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። በአንድ በኩል የተሞቀ የብረት ዘንግ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ሁለቱ ጫፎች እንደሚስፋፋ ሁሉ፣ የነገው ዋጋ ግምትም ከዛሬው ዋጋ ተነሥቶ ወደ ሁለት ወገን ይስፋፋል። የስፋቱም መጠን በጊዜው ሳይሆን በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በአንድ ቀን የተለመደው መዋዠቅ 1 ፍራንክ ቢሆን በ4 ቀን 2 ፍራንክ፣ በ100 ቀን 10 ፍራንክ ይሆናል።

ይህ የተጻፈው አልበርት አይንስታይን በፈሳሽ ውስጥ ስለሚዋልሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በ1905 ዓ.ም. ተመሳሳዩን ሒሳብ ከማውጣቱ 5 ዓመት ቀድሞ ነው። ሆኖም ፗንካሬ በሪፖርቱ ሥራውን አመስግኖ፣ ርእሱ ግን ተማሪዎች ከሚመርጡት የተለመደ ጉዳይ ራቅ ያለ መሆኑን ሳይጠቅስ አላለፈም። የተሰጠው ማዕረግም ለዩኒቨርሲቲ ወንበር የሚያበቃው ከፍተኛው ማዕረግ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሽልዬ ለብዙ ዓመታት ቋሚ ቦታ አላገኘም። በ1926 ዓ.ም. በዲዦን ዩኒቨርሲቲ ለወንበር ሲወዳደር፣ ታዋቂው ፖል ሌቪ አንዱን ጽሑፉን በትክክል ሳይረዳ ስሕተት አለበት ብሎ በመጻፉ ቦታውን አጣ። ፕሮፌሰር የሆነው በ1927 ዓ.ም. በቤዛንሶን ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 57 ደርሶ ነበር። ሌቪ ቆይቶ ስሕተቱን ተረድቶ ይቅርታ ጠይቆታል። ባሽልዬ በ1946 ዓ.ም. ሲሞት የደከመበት ትምህርት ገና ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር።

ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትና ከጦር ግንባር

በእውር ድንብር የሚሄድን ነገር በካልኩለስ መያዝ ቀላል አይደለም። የተለመደው ካልኩለስ ለስላሳ መሥመርን ይፈልጋል፤ የዋጋ መሥመር ግን በየነጥቡ የተሰባበረ ነው። ይህን ችግር የፈታው ኪዮሺ ኢቶ የተባለ ጃፓናዊ ነው። ኢቶ መጀመሪያ በመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ መሠረታዊ ሥራዎቹንም ያወጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1944 ዓ.ም. ነው።

በዚያው ጦርነት ግን ወደዚሁ ግኝት የተቃረበ ሌላ ሰው ነበር። ቮልፍጋንግ ዶብሊን ከናዚዎች ሸሽቶ ፈረንሳዊ ዜግነት ያገኘ፣ በጀርመን ተወልዶ ያደገ ወጣት የሒሳብ ሊቅ ሲሆን በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ነበር። በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በግንባር ሆኖ የጻፈውን ሥራ በታሸገ ፖስታ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ላከ። በሰኔ ወር የጀርመን ጦር በከበበው ጊዜ፣ እጅ ላለመስጠት ሲል ወረቀቶቹን አቃጥሎ የራሱን ሕይወት አጠፋ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ፖስታው የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን፣ በውስጡም ኢቶ ለደረሰበት ቀመር የቀረበ ውጤት ተገኘ። ከሁለቱም አንዳቸው ስለ አክሲዮን ገበያ አላሰቡም። ዛሬ በማናቸውም የፋይናንስ ሒሳብ ክፍል የመጀመሪያው ትምህርት የኢቶ ካልኩለስ መሆኑ፣ ጥቅሙ ሳይታወቅ የተደከመበት ዕውቀት ወዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ ለመናገር እንደማይቻል ያስረዳል።

የ1973ቱ ዓመት

በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሊዮናርድ ሳቬጅ የተባለ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ የባሽልዬን ሥራ አግኝቶ ኢኮኖሚስት ወዳጆቹን ጠየቀ፤ ከእነርሱም አንዱ ፖል ሳሙኤልሰን ነበር። ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ ያቀረቡት ጽሑፍ በሁለት የታወቁ መጽሔቶች ተቀባይነት ካጣ በኋላ በ1973 ዓ.ም. ታተመ፤ ሮበርት መርተንም በዚያው ዓመት በዚሁ ጉዳይ የራሱን ሥራ አወጣ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በቺካጎ የኦፕሽን ገበያ ተከፈተ።

ኦፕሽን ማለት አንድን አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ በተወሰነ ጊዜ ለመግዛት (ወይም ለመሸጥ) መብት የሚሰጥ ውል ነው፤ ገዥው ካልፈለገ አይገደድም። ጥያቄው ለዚህ መብት ስንት ይከፈል የሚለው ነው። የመልሱን መንፈስ በአጭር ምሳሌ መግለጽ ይቻላል። አንድ አክሲዮን ዛሬ 100 ብር ያወጣል እንበል፤ ነገ ወይ 120 ወይ 90 ይሆናል፤ የአንድ ቀን ወለድ ከቁጥር አይገባም። ነገ በ105 ብር የመግዛት መብት፣ ዋጋው ከወጣ 15 ብር ያስገኛል፣ ከወረደ ምንም አያስገኝም። የዚህ መብት ሻጭ ግማሽ አክሲዮን በ50 ብር ቢገዛ፣ ከዚህም ውስጥ 45 ብሩን ቢበደር፣ ዋጋው ሲወጣ ግማሹ 60 ብር ይሆንለትና ብድሩን ከፍሎ 15 ብር ይቀረዋል፤ ሲወርድ ግማሹ 45 ብር ይሆንና ከብድሩ ጋር ይቻቻላል። በሁለቱም መንገድ ያለበትን ዕዳ በትክክል ይከፍላል። ከኪሱ የወጣው 5 ብር ብቻ ስለሆነ የመብቱ ትክክለኛ ዋጋ 5 ብር ነው። የሚያስገርመው፣ ዋጋው የመውጣቱ ዕድል ስንት መሆኑን ማንም አለመጠየቁ ነው። የነገን ማን ያውቃል የሚለው አባባል እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ነገን ሳያውቁ ለነገ መዘጋጀት እንደሚቻል ታየ።

ብላክ፣ ሾልስና መርተን ይህን ምሳሌ ያለ ማቋረጥ ለሚለዋወጥ ዋጋ በኢቶ ካልኩለስ ሲሠሩት ያገኙት እኩልታ ተለውጦ ሲጻፍ ያው የፉርዬ የሙቀት እኩልታ ሆነ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቀመሩ የሚሠራበት የኪስ ካልኩሌተር ለገበያ ቀረበ። ሾልስና መርተን በ1997 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ብላክ ከሁለት ዓመት በፊት ሞቶ ነበር።

ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ

ከዚህ በኋላ ባንኮች ሒሳብ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ጀመሩ። በመጀመሪያ የተቀጠሩት ከፊዚክስና ከምሕንድስና የመጡ ናቸው፤ ሙቀትን፣ ፈሳሽን፣ ንዝረትን በእኩልታ መፍታት የለመደ ሰው ለአዲሱ ሥራ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። በ1993 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት በቴክሳስ ይሠራ የነበረውን ታላቅ የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ ፕሮጀክት ሲሰርዝ ሥራ ካጡት ፊዚሲስቶችም ወደ ገንዘብ ገበያ የሄዱ ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ፍላጎት ተመልክተው ትምህርቱን በሥርዓት መስጠት ጀመሩ። በፓሪስ ኒኮል ኤል ካሩይና ባልደረቦቿ በ1990 ዓ.ም. የይሆንታንና የፋይናንስን ትምህርት ያጣመረ ፕሮግራም ከፈቱ፤ ባሽልዬ ቦታ ባጣበት አገር የእርሱ ትምህርት በዓለም የታወቁ ባለሙያዎች ማፍሪያ ሆነ። በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን በ1994 ዓ.ም. ተመሳሳይ የማስተርስ ትምህርት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

የትምህርቱ ይዘት በየትም ቢሆን ብዙም አይለያይም። ተማሪው በመጀመሪያ ዲግሪው ካልኩለስን፣ ሊኒየር አልጀብራን፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንንና ይሆንታን ይማራል። ከዚያ በኢቶ ካልኩለስ፣ በስታቲስቲክስና እኩልታን በኮምፒዩተር በመፍታት ዘዴ ይቀጥላል። የሒሳብ አያያዝ፣ የኢኮኖሚክስና የገንዘብ ሕግ ትምህርት ይጨመርበታል። ያለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ዕውቀት ከዚህ ትምህርት ተመርቆ ሥራ ማግኘት የሚታሰብ አይደለም።

የከፈታቸው ሙያዎች

ከዚህ ትምህርት የሚወጣ ሰው የሚሰማራባቸው መስኮች በአምስት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያውና ጥንታዊው የአክቹዋሪነት ሙያ ነው። አክቹዋሪ የመድን ዓረቦንን፣ የጡረታ ፈንድን መጠንና ኩባንያው ሊይዘው የሚገባውን መጠባበቂያ ያሰላል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ በኋላም የሙያ ማኅበሩን ፈተናዎች ለማለፍ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ሁለተኛው በባንኮች ውስጥ የውሎችን ዋጋ የሚያወጣና ሞዴል የሚሠራው ነው። ሦስተኛው ገንዘብ በማስተዳደር ሥራ ላይ የተሰማራው ነው፤ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ጂም ሳይመንስ ትምህርቱን ትቶ በ1982 ዓ.ም. ያቋቋመው ኩባንያ የታወቀ ምሳሌ ነው። አራተኛው የኪሳራ አደጋን የሚመዝን ሠራተኛ ሲሆን፣ ባንኩ በምን ሁኔታ ምን ያህል ሊያጣ እንደሚችል አስልቶ ለኃላፊዎች ይናገራል። አምስተኛው ሌሎች የሠሩትን ሞዴል የሚመረምርና የሚቆጣጠር ነው፤ ይኸውም በባንኩ ውስጥ በተለየ ክፍል፣ ወይም በማዕከላዊ ባንክና በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ነው።

በደመወዝ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይበልጣሉ። ለኅብረተሰቡ ከሚሰጡት ዋስትና አንጻር ግን የመጀመሪያው፣ አራተኛውና አምስተኛው አያንሱም። የዚህ ምክንያት ከሚከተለው ግልጽ ይሆናል።

ስሌቱ ያልቻለው ሸክም

ከላይ ወደ ተሰጠው ምሳሌ እንመለስ። የመብቱ ሻጭ አክሲዮኑ ወይ 120 ወይ 90 ይሆናል ብሎ ተዘጋጅቷል። ነገር ግን ዋጋው በአንድ ጊዜ ወደ 70 ብር ቢወድቅስ? ግማሽ አክሲዮኑ 35 ብር ያወጣል፤ ብድሩ ግን 45 ብር ነው። 10 ብር ከሰረ ማለት ነው። ወደ 140 ቢዘልም ለመብቱ ባለቤት 35 ብር መክፈል ሲኖርበት ከብድሩ የሚተርፈው 25 ብር ብቻ ስለሆነ ያው 10 ብር ይከስራል። የስሌቱ ስሕተት የቱ ላይ ነው ቢባል፣ የትም የለም። የተሳሳተው ስሌቱ የቆመበት ግምት ነው።

ይህ በእውነተኛው ዓለም ሦስት ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በጥቅምት 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ገበያ ዋና መለኪያ በአንድ ቀን ከመቶ 22.6 ወደቀ። ብዙ ድርጅቶች ዋጋ ሲወርድ ደረጃ በደረጃ እየሸጡ ራሳቸውን ለመከላከል ቀመር ይዘው ነበር፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጡ ግን ገዥ ጠፋ፣ መከላከያው ራሱ ውድቀቱን አባባሰው። በ1998 ዓ.ም. ሾልስና መርተን የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ፈንድ፣ ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ካለች በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጣ፤ ገበያው እንዳይናወጥ 14 የገንዘብ ድርጅቶች 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ተረከቡት። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የቤት ብድሮች ተጠቃለው ሲሸጡ የቆዩበት ሒሳብ፣ በአንድ ከተማ ብድር የማይከፈል ቢሆን በሌላው ይከፈላል የሚል ግምት ላይ ቆሞ ነበር። የቤት ዋጋ በአገር ደረጃ ሲወድቅ ግምቱ አብሮ ወደቀ። በዚህ የተጎዱት ቀመሩን የጻፉት ሰዎች አልነበሩም፤ ቤታቸውንና ሥራቸውን ያጡት ስለ ቀመሩ ሰምተው የማያውቁ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

መሐንዲስ ይህን ታሪክ ሲሰማ የራሱን ሙያ ማስታወሱ አይቀርም። ድልድይ የሚነድፍ ሰው የብረቱን ጥንካሬ በቤተ ሙከራ ይለካል፤ ከዚያም በላይ የደኅንነት ህዳግ ይጨምራል፤ ምክንያቱም ያልታሰበ ጎርፍና ያልተፈቀደ ጭነት እንደሚመጣ ከልምድ ያውቃል። የገንዘብ ሞዴል ግን ከድልድይ በአንድ ነገር ይከፋል። ብረት መሐንዲሱ ስላሰላው ጠባዩን አይለውጥም፤ ገበያ ግን ሁሉም በአንድ ቀመር ሲመሩ ጠባዩን ይለውጣል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ህዳግ ከድልድዩ የበለጠ እንጂ ያነሰ ሊሆን አይገባውም ነበር። በ1998ም ሆነ በ2008 የታየው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ቀመሩ ትክክል ነው ስለተባለ ህዳጉ ተቀንሶ በብድር ላይ ብድር ተደራረበ።

ይህን የተረዱ የሙያው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ከፊዚክስ ወደ ባንክ የገባው ኢማኑኤል ደርማንና ባልደረባው ፖል ዊልሞት በጥር 2009 ዓ.ም. ሐኪሞች እንደሚምሉት ዓይነት መሐላ ለሞዴል ሠሪዎች አርቅቀው አወጡ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች እያንዳንዱን ሞዴል ባልሠራው ሰው እንዲያስመረምሩ የሚያስገነዝብ መመሪያ አወጡ። ከዚህ ወዲህ ሞዴል መመርመር ራሱን የቻለ የሥራ መስክ ሆኖ ተስፋፍቷል።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በኢትዮጵያ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1975 ዓ.ም. መባቻ ከተወረሱ በኋላ የወለድም ሆነ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በመንግሥት ይወሰን ስለነበር፣ የዋጋን መዋዠቅ የሚያሰላ ባለ ሙያ የሚፈለግበት ሰፊ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቷል፤ በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ በጥር 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷል። ብረትና ማሽን ከውጭ አስመጥቶ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በሚቆይ ውል የሚሠራ የኮንስትራክሽን ባለ ሙያ፣ የምንዛሪ ዋጋ መዋዠቅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

እንግዲህ የሒሳብ፣ የስታቲስቲክስና የምሕንድስና ተማሪዎች ወደዚህ መስክ መመልከታቸው የማይቀር ነው፤ መመልከታቸውም ተገቢ ነው። ዘግይቶ የሚጀምር አገር ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ቀድመው የሄዱት የወደቁበትን ጉድጓድ እያየ መሄድ ይችላል። በመሆኑም ትምህርቱ ሲዘረጋ ከብላክና ከሾልስ ቀመር ጎን የ1987፣ የ1998ና የ2008 ታሪክ በእኩል ክብደት ሊሰጥ ይገባል። ሞዴል የሚሠሩ ወጣቶች ሲሠለጥኑም ሞዴል የሚመረምሩ አብረው ሊሠለጥኑ፣ ደመወዛቸውና ሥልጣናቸውም ከሚመረምሯቸው ሰዎች ያነሰ እንዳይሆን ሊታሰብበት ያስፈልጋል። በአንድ ሰፈር እድር ሒሳብ ያዡ ብቻውን የገንዘብ ሣጥኑን እንደማይከፍት ሁሉ፣ የብዙ ሰው ጥሪት የሚያድርበት ቀመርም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ተቈልፎ መቅረት የለበትም።